ጨሌው የማን ነው?

የአሰላ ልጅ መሆኔን የሰማ ሰው ቀጣይ ጥያቄው ይታወቃል። «ትሮጫለሽ?» ይለኛል። አልሮጥም። ታክሲ እንዳያመልጠኝ ካልሆነ በቀር ሮጬ አላውቅም። በጠያቂው ግን አልፈርድበትም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ከአሰላ ወደ ደቡብ ተጉዛችሁ በቆጂ ስትደርሱ ደግሞ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለን፣ ጥሩነሽ ዲባባን ያበቀለ አፈር ላይ ቆማችኋል። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ኦሊምፒክ የ10 ሺህ ሜትር ሩጫን አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ከሆነች ወዲህ «አርሲ» እና «ወርቅ» የሚሉት ቃላት ተጋብተው ቀርተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ። ያ ወርቅ፣ ወርቅ አይደለም። ኦሊምፒክ ሙሉ በሙሉ ከወርቅ የተሠራ ሜዳሊያ ለመጨረሻ ጊዜ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1912 ስቶክሆልም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ «የወርቅ ሜዳሊያ» የምንለው ነገር ውስጡ ብር ነው፤ በአሁኑ ደንብ ቢያንስ 92.5 በመቶው ብር ሆኖ ከላዩ ቢያንስ 6 ግራም ወርቅ ይለበጣል። በሌላ አነጋገር የአርሲ ዝነኛው ጌጥ ወርቅ የተቀባ ብር ነው።

ታዲያ ደራርቱ አንገት ላይ የተንጠለጠለውን ነገር አይቶ «ስንት ግራም ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም። የጠየቀ ቢኖር እንኳ ከበቆጂ በሰላም የሚወጣ አይመስለኝም። አንገት ላይ ያለው ነገር ዋጋው ከብረቱ እንዳልሆነ፣ የአንድ ሰው የሕይወት መዝገብ እንደሆነ ለሁላችንም ይገባናል። የማይገባን የአያቶቻችን አንገት ጋ ስንደርስ ነው። እዚያ ጋ ወይ ሚዛን እናወጣለን፣ ወይ ክብሪት።

የዛሬው ወሬዬ ስለ ሚዛኑና ስለ ክብሪቱ ነው።

ሁለት አንገቶች

እኔ ሁለት አያቶች ነበሩኝ (ብርቅ አይደለም፣ እናንተም አላችሁ)። የአባቴ እናት እምዬ ከሸዋ ወደ አርሲ ከመጡ ሰዎች የተወለደች ናት። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ፣ ማተቡ ላይ ትንሽ የብር መስቀል አይጠፋም ነበር። ለዓመት በዓልና ለሰርግ ደግሞ ከሳጥኗ ድሪዋን ታወጣለች። ድሪ ማለት ከብር የተሠራ ወፍራም የአንገት ሰንሰለት ነው። በልጅነቷ እግሯ ላይ የብር አልቦ፣ ጆሮዋ ላይ ሎቲ እንደነበራት ትነግረኝ ነበር። «ስራመድ ከሩቅ ይሰማል» ትላለች፤ ይሄን ስትል ዓይኗ ውስጥ የማየው ነገር ዛሬ አዲስ ስልክ የገዛች ጓደኛዬ ዓይን ውስጥ ከማየው ብዙ አይለይም።

የእናቴ እናት ደግሞ ሳጉሬ አካባቢ የኖረች የአርሲ ኦሮሞ ናት። እኛ «አኮ» እንላታለን፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ አንገት ላይ የነበረው ጨሌ ነው። ክር ላይ የተሰኩ ትንንሽ የብርጭቆ ዶቃዎች፣ ቀይ ይበዛቸዋል፣ ነጭና ጥቁር ጣልቃ ይገባል፣ እዚህም እዚያም ቢጫ ብቅ ይላል። አንድ ረድፍ አይደለም፤ ድርብርብ ነው። ክንዷ ላይ የናስ አምባሮች አሉ። አኮ አምስቱንም ወቅት ትሰግዳለች። ጨሌዋ ከአንገቷ አይወርድም። በሁለቱ መካከል ጠብ አለ ብሎ የነገራት ሰው እስኪመጣ ድረስ ጠብ መኖሩንም አታውቅም ነበር።

ትንሽ ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሷ ጋ ስሄድ ጨሌዋን መቁጠር ሥራዬ ነበር። ስቆጥር ጣቴን አንዷ ዶቃ ላይ ታቆመውና ትነግረኛለች። «ይቺን እናትሽ ስትወለድ ነው የጨመርኳት።» የእናቴ ዶቃ ላይዋ ቀይ፣ ቀዳዳዋ ጋ ስታዩዋት ውስጧ ነጭ ናት። «ይቺን ደግሞ ላም የገዛን ጊዜ።» ጣቴ ትንሽ ሄድ ሲል፣ «ይቺ ደግሞ ሳይቆይልኝ የሄደው ነው።» የሄደው ያለችው እናቴ እንኳን የማታውቀው ወንድሟ ነው። መቃብሩ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ዛሬ የለም። ፎቶ የለውም፣ የልደት ምስክር ወረቀት የለውም፣ ስሙ የትም አልተጻፈም። አንድ ዶቃ ግን ነበረችው።

እንግዲህ እኔ አንደኛ ክፍል ደብተር ላይ «ሀ ሁ» ስጽፍ አኮ ደብተሯን አንገቷ ላይ ካሰረች ስንት ዘመኗ።

ከቪየና እስከ ጭላሎ

የሰው ልጅ ጽሕፈት ከማወቁ በፊት ጌጥ ያውቃል። ሞሮኮ ውስጥ ቢዝሙን በሚባል ዋሻ የተገኙ 33 የተበሱ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ከ140 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 አሳውቀዋል። ዳቦ ሳይጋገር፣ ከብት ሳይላመድ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቅርፊት በስቶ በክር ሰክቷል። ሌላው ሰው እንዲያየው ነው። «እኔ የእነ እገሌ ነኝ» ለማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ «ባህላዊ ጌጥ» ሲባል ከጭላሎ ተራራ ሥር እንደ ገብስ የበቀለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። የእምዬ ድሪ የተሠራው ከጠገራ ብር ነው። ጠገራ ብር ወይም ማርያ ቴሬዛ የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት መልክ ያለበት የብር ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሩ ግን ከዚያ በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየናም በሌሎች ከተሞችም እየታተመ ለምሥራቅ ገበያ ይላክ ነበር። ሞቶ መሥራት ማለት እንዲህ ነው። አንዱ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፣ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። የሚገርመው ነገር የኛ ሰው ብሩን ከመቀበሉ በፊት የንግሥቲቱ ዘውድና የትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉት ነጥቦች በደንብ መውጣታቸውን እያየ ነበር። የገንዘቡ እውነተኛነት ማረጋገጫ የሴትዮዋ ጌጥ ነበር ማለት ነው።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ የጠገራ ብር ዘመን አበቃ። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ግን ብዙው ጠገራ ሌላ መንገድ ነበረው፤ ወደ አንጥረኛው እሳት። አባት ጠገራውን ቆጥሮ ይሰጣል፣ አንጥረኛው አቅልጦ፣ ቀጥቅጦ፣ እንደ ክር አቅጥኖ፣ ጠምዝዞ ድሪ ወይም አልቦ ወይም መስቀል አድርጎ ይመልሳል። እምዬ እንደምትለው የሷ ድሪ የ6 ጠገራ ነው። ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ፦ 168 ግራም ገደማ፤ ንጹሕ ብሩ ብቻ 140 ግራም።

ጨሌውም ከሩቅ የመጣ ነው። ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ይጎርፉ የነበሩት የብርጭቆ ዶቃዎች በብዛት የቬኒስና የቦሄሚያ (የዛሬዋ ቼክ) ሥራዎች ነበሩ፤ ኋላ ላይ የህንድና የቻይናው ተጨመረ። ላይዋ ቀይ ውስጧ ነጭ የሆነችው ዓይነት ዶቃ በተለይ የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች ለአፍሪካ ንግድ የሚያወጧት ዝነኛ ሸቀጥ ነበረች። ከቆዳ ልብስ ላይ የሚሰፋው ዛጎል ደግሞ የሕንድ ውቅያኖስ ልጅ ነው። ስለዚህ ፓስፖርት የሚባል ነገር በእጇ ነክታ የማታውቀው አኮ አንገቷ ላይ ሦስት አህጉር አስራ ነበር።

ይሄን የምለው «የኛ አይደለም» ለማለት አይደለም። በተቃራኒው። ዶቃውን ቬኒስ ይሥራው እንጂ የቬኒሱ ሰውዬ የእናቴን ልደት አያውቅም። ጠገራውን ቪየና ያትመው እንጂ የእምዬን አባት አያውቀውም። ጌጡን የኛ ያደረገው የተሠራበት ሀገር ሳይሆን የተሰካበት ምክንያት ነው።

በመሃል አንድ የተረሳ ሰው አለ፤ አንጥረኛው። አማርኛ ክፍል ውስጥ ሁላችንም «ሰምና ወርቅ» ተምረናል። መምህሩ የላዩን ትርጉም «ሰም»፣ የውስጡን «ወርቅ» ብለው ያስረዱናል። ቃሉ ግን ከቅኔ ቤት በፊት የአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ጌጡን መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ ባዶ በቀረው ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይገባል። የቋንቋችን ትልቁ ኩራት የተቀዳው «ጠይብ» እያልን ስንሸሸው ከኖርነው ሰው እጅ ነው። አርሲ ውስጥም ብረት ቀጥቃጩ «ቱምቱ» ተብሎ ከጋብቻ ተገልሎ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣት ነበረባቸው። አዋጅ ያስፈለገው ነገር ምን ያህል የከፋ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

ንቀቱ ዛሬም አልጠፋም፣ መልኩን ነው የቀየረው። ባለፈው ዓመት የእምዬን ድሪ ይዤ አዲስ አበባ አንድ ሱቅ ገባሁ፤ ለመሸጥ አይደለም፣ ዋጋውን ለማወቅ ነው። ሰውዬው ድሪውን ሚዛን ላይ ጣለው። አስቀመጠው አላልኩም፣ ጣለው። ከዚያ ቁጥር ነገረኝ። «የእጅ ሥራውስ?» አልኩት። «እሱን አንከፍልም፣ የምናቀልጠው ነው» አለኝ። በዚህ አባባል ውስጥ ክፋት የለም፤ ንግድ ነው። እኔን የቆረቆረኝ ግን ሚዛኑ ስለ አንጥረኛው ምንም፣ ስለ እምዬ አባት ምንም፣ ስለ እምዬ ምንም አለመናገሩ ነው። ድሪውን ቦርሳዬ ውስጥ መልሼ ከተትኩና ወጣሁ።

አንድ ቃል፣ ሁለት ፍርድ

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዶርም ውስጥ ስለ ቤተሰብ ስናወራ፣ «አያቴ ጨሌ ታደርጋለች» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከላይኛው አልጋ አንዷ ጎንበስ ብላ፣ በጣም በርኅራኄ፣ «ውይ፣ ጠንቋይ ናት?» አለችኝ።

አልተቀየምኳትም። በከተማ አማርኛ «ጨሌ» ጌጥ አይደለም። ከውቃቢ፣ ከቆሌ፣ ከቡና ጭሳጭስ ጋር ሙዳይ ውስጥ የተደበቀ፣ የሚፈራ ነገር ነው። «የእናቷ ጨሌ አልለቅ ብሏት» ሲባል ሰምታችኋል። በየጸሎት ቤቱ «ጨሌዬን አቃጠልኩ» የሚል ምስክርነትም ሰምታችኋል። «አቴቴ» የሚለውም ቃል እንዲሁ ነው፤ ለከተሜው የመንፈስ ስም ነው።

አርሲ ደጋ ላይ ግን ጨሌ ከሁሉ በፊት ሴት የምትለብሰው ነገር ነው። አቴቴም ሴቶች ተሰብስበው፣ እርጥብ ሣር ይዘው፣ እየዘመሩ ፈጣሪያቸውን ልጅ፣ ዝናብ፣ ሰላም የሚለምኑበት ሥርዓት ነው። ጨሌው የዚያ ሥርዓት ልብስ ስለሆነ ከሥርዓቱ ጋር ስሙ ተያይዟል። ጌጥ ማዕረግ መናገሩም እንግዳ ነገር አይደለም። በገዳ ሥርዓት የባለ ማዕረጉ ግንባር ላይ የሚታሰር ካለቻ አለ፤ ሴቶቹም ጫጩ አላቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ገዳን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው ሁላችንም አጨብጭበናል። ያው ሥርዓት አንዲት ባልቴት አንገት ላይ ሲገኝ ግን ክብሪት እንፈልጋለን።

ላለመዋሸት፣ የሚያቃጥሉት ሰዎች ሁሉ ክፉ አይደሉም። ብዙዎቹ ከልባቸው ያምናሉ። እምነት የራስ ነው፤ ሰው የራሱን ጨሌ አውልቆ ቢያቃጥል የሚቆጣው እግዜር እንጂ እኔ አይደለሁም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። የሚያቃጥለው ሰው የሚያቃጥለው የማንን ነው?

ባንኩ አንገት ላይ ነበር

ይሄ ጥያቄ ወደ ዋናው ጉዳይ ያመጣናል። ጌጥ በሴት እጅ ያለ፣ የሴት የሆነ፣ ብዙ ጊዜም የሴቲቱ ብቸኛ ንብረት ነው። መሬቱ በባል ወይም በአባት ስም ነው፣ ከብቱ የቤቱ ነው፣ ጎተራው የጋራ ነው። አንገትና ክንድ ላይ ያለው ግን የሷ ነው።

አርሲ ውስጥ ይሄ መብት በትር አለው። ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች የእንጨት ዘንግ። ባሏ ቢመታት፣ መብቷ ቢገፋ፣ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፣ የመንደሩ ሴቶችም ሲንቄያቸውን ይዘው ይከተሏታል። በደለኛው ይቅርታ ጠይቆ እስኪክስ ድረስ ወደ ቤት አይመለሱም። ሲንቄ የያዙ ሴቶችን አልፎ መሄድ ነውር ነው። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ባንክነት ሲያድግ «ሲንቄ ባንክ» ተብሏል። ስሙን ወድጄዋለሁ። የኛ ሰፈር አያቶች ግን ሲንቄው ጠባቂያቸው ነበር፤ ባንኩ አንገታቸው ላይ ነበር።

ዛሬ ያ ባንክ ወርቅ ሆኗል። በሙስሊሙ ጋብቻ መህር የሙሽራዋ የግሏ ነው፤ አርሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ በወርቅ ይሰጣል። በክርስቲያኑም ሰርግ የጥሎሹ ወርቅ አለ። ከዚህ በላይ ግን ወርቁን ወደ አርሲ ያመጡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ከአሰላ፣ ከበቆጂ፣ ከሮቤ፣ ከዴራ ወደ ዓረብ ሀገር ያልሄደች ሴት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ከባድ ነው። ስትመጣ ክንዷ ላይ የምታዩት ባለ 21 ወይም ባለ 18 ካራት አምባር ጌጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የሁለት ዓመት ሌሊት ነው። (24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፣ ለጌጥ ግን ይለሰልሳል። 21 ማለት 87.5 በመቶ፣ 18 ማለት 75 በመቶ ወርቅ ነው፤ ቀሪው መዳብና ብር የመሳሰለ ማጠንከሪያ ነው።)

የአክስቴ ልጅ አንዷ ነበረች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ እሷም መጣች። ሻንጣዋ ቀርቷል። የመጨረሻዎቹ ወራት ደሞዟ አሠሪዎቿ ጋ ቀርቷል። ክንዷ ላይ ግን አራት ቀጫጭን አምባሮች ነበሩ። ሁለቱን ሸጣ አሰላ ላይ ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ሁለቱን አስቀመጠች። አገባች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተፋታች፤ ምክንያቱ የሷ ነው፣ እዚህ አይገባም። ንብረት ሲከፈል ባልየው «አምባሮቹም የጋራ ናቸው» አለ።

አሁን ሕጉን ስሙ፤ በተለይ እናንተ ሴቶች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 57 ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ ከጋብቻ በኋላም በውርስ ወይም በስጦታ የተገኘ ንብረት የግል ነው ይላል። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ጥሩ። ግን የፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 63 አለ፤ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ማረጋገጥ ያለባት «የኔ ነው» ባይዋ ናት ማለት ነው። አንገት ላይ ያለ ነገር ደግሞ ሊብሬ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ግን አንድ ነገር ነበራት። ቦርሳዋ ውስጥ፣ ከፓስፖርቷ መሃል፣ ጫፏ የተበላች በዓረብኛ የተጻፈች ደረሰኝ። ቀኑ ከሰርጉ ሦስት ዓመት ይቀድማል። ሽማግሌዎቹ ደረሰኟን ተቀባብለው አዩአት፤ ዓረብኛ የሚያነቡት አንዱ ቀኑን ጮክ ብለው አነበቡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ አለቀ። ሁለቱ አምባሮች ዛሬም ክንዷ ላይ ናቸው።

ስንት ያወጣሉ? በወቅቱ ከገዛችበት ጋር አይወዳደርም። የአንድ ኦውንስ ወርቅ (31 ግራም ገደማ) የዓለም ዋጋ በኦገስት 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ 2 ሺህ ዶላር አለፈ፤ በኦክቶበር 2025 ደግሞ 4 ሺህ። በዚያ ላይ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ባንክ ደብተር ላይ የነበረው የኛ ቁጠባ አቅሙ ሲሟሟ እያየን፣ «ለምን በጌጥ ታባክኛለሽ» እየተባለች የኖረችው ሴት ክንዷን አየት አድርጋ ዝም አለች። ዝምታዋ ትምህርት ነበር።

ሚዛንና ክብሪት

አኮ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሐዘኑ ከተነሳ በኋላ ልጆቿ ዕቃዋን ለማየት ተቀመጡ። የወርቅ ጉትቻዋ ጉዳይ በአምስት ደቂቃ አለቀ፤ ተሸጦ ይከፈል ተባለ፣ ተሸጠ፣ ተከፈለ። የናሱ አምባር «ዋጋ የለውም» ተብሎ የፈለገ ወሰደው። የቀረው አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ጨሌ ነው።

አንዱ አጎቴ ተነሳ። (የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ አልነግራችሁም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሉም ቤት አንድ ቋንቋ ነው የሚናገረው።) «ይሄ ነገር ቤት ውስጥ ማደር የለበትም። ይቃጠል» አለ። ደግ ሰው ነው። እናቱን ያስታመመው እሱ ነው። በቁም ነገር የፈራው ለልጆቹ ነው።

ማንም አልመለሰለትም። ከዚያ ትልቋ አክስቴ ቆርቆሮውን አንስታ ፊቱ አስቀመጠችው። «እሺ ይቃጠል» አለችው፤ «አንተ ግን መጀመሪያ የራስህን ፈልግና አውጣ።»

«የኔን ምን?»

«ስትወለድ የሰካችህን።»

አጎቴ ክዳኑን ከፈተ። አንድ ረድፍ አወጣ፣ ሌላ አወጣ። ዶቃዎቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ወደ እናቴ ዞረ፤ እናቴ የራሷን፣ ላይዋ ቀይ ውስጧ ነጭ የሆነችውን፣ አሳየችው። ያቺ ዓይነት ደግሞ ብዙ አለች፤ የቷ እንደሆነች በርግጥ የምታውቀው ከቋጠሮው አጠገብ ስለሆነች ብቻ ነው። የሱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴም አታውቅም። «ሳይቆይልኝ የሄደው» የተባለውም እዚያው ውስጥ ነው፤ ልጅ ሆኜ ጣቴ አርፎባታል፣ የቷ እንደሆነች ግን ዛሬ መለየት አልችልም።

አጎቴ ብዙ ቆየ። ከዚያ ረድፎቹን አንድ በአንድ መልሶ አስገባና ክዳኑን ገጠመው። «እዚህ አይሁን፣ አንቺ ጋ ይሁን» አለ ለአክስቴ። ሌላ ነገር አልተናገረም። በእምነቱ እንደጸና ነው፤ ቆርቆሮውን ዛሬም በዓይኑ ማየት አይወድም። ግን አላቃጠለውም።

እንዲህ ሆኖ ሳስበው፣ ሚዛን የያዘው ሰውዬና ክብሪት የያዘው አጎቴ ከሚመስለው በላይ ይመሳሰላሉ። አንዱ ዕቃው ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀ። ሌላው ዕቃው ርኩስ ነው ወይስ ንጹሕ ብሎ ጠየቀ። ሁለቱም ስለ ዕቃው ነው የጠየቁት። አክስቴ ብቻ ናት ስለ ባለቤቱ የጠየቀችው። የወርቅ አምባሩን ያዳነችው አንዲት የዓረብኛ ደረሰኝ ናት፤ የጨሌው ደረሰኝ ደግሞ አኮ ራሷ ነበረች፣ አሁን የለችም።

ዛሬ አሰላ ገበያ ላይ አዲስ ጨሌ ሞልቷል። ለሰርግ፣ ለኢሬቻ፣ ለቲክቶክ ወጣቶች በደስታ ያጠልቁታል። ደስ ይለኛል፤ የዶርሟ ጓደኛዬ ዓይነት ጥያቄ እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ግን ከገበያ ተገዝቶ የመጣ ጨሌ ባዶ ደብተር ነው። የተጻፈበት ደብተር በየቤታችን ቆርቆሮና ሳጥን ውስጥ ነው፣ የሚያነቡትም ሰዎች እያለቁ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። አያት ያላችሁ፣ እናት ያላችሁ፣ ስልካችሁን አንሱና የድሪው፣ የማርዳው፣ የመስቀሉ፣ የጨሌው፣ የአምባሩ ነገር እንዴት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ማን ሰጠሽ? መቼ? ለምን? ከተቻለ ፎቶ አንሱት፣ ከፎቶው ሥር ጻፉበት። ወርቅ ያላችሁ ሴቶች ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ከሰርግ በፊት ያለውን ከሰርግ በኋላ ካለው ለዩት። መሸጥ ካለበት ይሸጥ፤ ጌጥ ለክፉ ቀን ነው የተሠራው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ማቅለጥ ነውር የለውም። የማያምንበትም አያጥልቀው።

ግን የሚሸጠውም የሚያቃጥለውም ሰው መጀመሪያ የሰው ስም ይጥራ። የማን ነው? ውስጡ ማን አለ? መልሱን የሚያውቁት ሰዎች አብዛኞቹ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፣ ማታ በጊዜ ይተኛሉ። ቀን ቀን ደውሉላቸው።